ሞተሩ ደኅና ነው፤ ታንኩስ?



ባለፈው በጋ በከሚሴ አቅራቢያ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር፣ አንድ የእናቶች ማኅበር ሽንኩርት ተክሎ ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም እናቶች አሉበት። ውሃውን ከወንዙ ወደ ማሳው የምትስበው በእናንተ ስጦታ የተገዛችው በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ናት። ታዲያ ችግኙ ገና ሥር በሚይዝበት ሰሞን ፓምፕዋ ጠዋት ደኅና ትሠራና ፀሐይ ሲበረታ አቃስታ ቀጥ ትል ጀመር። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ካንዴላ ለወጥን፤ ካርቡራተሩን ፈትተን አጠብን፤ የሞተር ዘይት ቀየርን፤ መፍትሔ አልተገኘም። በአራተኛው ቀን አንዲት እናት የጠወለገ ችግኝ በእጃቸው ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ የዛሬውንም ውሃ ነገ ልትለን ነው?» አሉኝ። የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው ሞተሩ ውስጥ አልነበረም። ታንኩ ቀደም ሲል ያንጠባጥብ ስለ ነበር ውስጡን በማሸጊያ ቀለም ቀብተነው ነበር። ያ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ የነዳጁን መውጫ በከፊል ዘግቶታል። ቤንዚኑም ማደያ ወረፋው ቢረዝምብን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ነበር። ቀለሙን ያስቀባሁትም ቤንዚኑን ያስገዛሁትም እኔ ነኝ።

ታንኩን ስናጥብ ከጉባኤያችን አንድ ወጣት አብሮን ነበር። ይህ ልጅ በደብተሩ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል የሚሥል፣ አንድ ቀን በገዛ እጁ ሠርቶ ለመብረር የሚመኝ ነው። ልጣጩን በጣቱ አንሥቶ እያየ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሞተር አየር ላይ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስለ ቤንዚንና ስለ ታንክ ከሁሉ ይልቅ ተጠንቅቀው ያጠኑት በገዛ እጃቸው ትንንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ መሬት ላይ ያለ ሞተር ቢቆም ሰው ይናደዳል፤ አየር ላይ ያለ ሞተር ቢቆም ግን ሰው ይሞታልና። እነርሱ በብዙ ዋጋ የተማሩት ለእኛም ፓምፕ፣ ሞተር ሳይክልና ጄኔሬተር ይጠቅማል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

በአገራችን የተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች

አውሮፕላን መሥራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ይህች አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ብዙ ዘመን በሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ በገዛ እጁ አንድ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን «ኬ 570 ኤ» አላት፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት ቀን ነው። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የአሮጌ ቮልስዋገን፣ ሁላችን «ቮልስ» የምንላት መኪና ሞተር ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2015 ለመብረር ሞክሮ ሳይሳካለት ቢቀርም፣ የብዙ ወጣቶችን ልብ ቀስቅሷል። የእኛም ወጣት ከእነርሱ አንዱ ነው።

የቮልስ ሞተር መምረጥ የአስመላሽ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በአውሮጳና በአሜሪካ በቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሞተሩ ቀላል ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ከሁሉም በላይ በተራ የመኪና ቤንዚን እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። ነገር ግን ሞተሩ በመኪና ቤንዚን ይሠራል ማለት የአውሮፕላኑ ታንክ፣ ቱቦና ፓምፕ የመኪና ቤንዚን ይችላሉ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ቤንዚኖች

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እህል ይዘው የመጡት ሄርኩለስን የመሳሰሉ ትልልቅ አውሮፕላኖች በቤንዚን አይሠሩም። የሚያቃጥሉት ከነጭ ጋዝ ጋር የሚዛመድ ነዳጅ ነው። ቤንዚን የሚፈልጉት እንደ መኪና በፒስተን የሚሠሩት ትንንሾቹ ናቸው። ለእነዚህ ተብሎ የሚዘጋጀው የአውሮፕላን ቤንዚን አቭጋዝ ይባላል።

አቭጋዝ ከመኪና ቤንዚን በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የኦክቴን መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተሩ በጭነት ጊዜ «አያንኳኳም»፤ ለዚህም ሲባል እስከ ዛሬ እርሳስ ይጨመርበታል። የመኪና ቤንዚን ግን በሰው ጤና፣ በተለይም በሕፃናት አእምሮ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ከእርሳስ ነፃ ሆኗል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2006 መግቢያ፣ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቁመዋል። ሁለተኛ፣ አቭጋዝ ቶሎ እንዳይተን ተደርጎ የተወሰነ ነው። ሦስተኛ፣ አልኮል አይገባበትም።

ታዲያ ሰዎች ለምን የመኪና ቤንዚን ይጠቀማሉ ቢባል፣ አቭጋዝ ውድ ነው፤ በአፍሪካም በብዙ ቦታ አይገኝም። በሚስዮን አገልግሎት የተሰማሩ የበረራ ድርጅቶችም ከዚህ የተነሣ ነጭ ጋዝ መሰል ነዳጅ ወደሚያቃጥሉ እንደ ሴስና ካራቫን ያሉ አውሮፕላኖች ፊታቸውን አዙረዋል። በአሜሪካ ደግሞ በቤት የሚሠሩ አውሮፕላኖች ማኅበር ብዙ የበረራ ሙከራ አድርጎ በ1982 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሴስና 150 በመኪና ቤንዚን እንድትበር ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቤንዚኑ አልኮል የሌለበት መሆን አለበት።

ሙቀትና ከፍታ

ውሃ በደሴ ከከሚሴ ይልቅ ቶሎ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት መቀነሱ ነው። በ1,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 84 በመቶ ያህል ነው፤ በ3,000 ሜትር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ቤንዚንም እንደ ውሃው ነው፤ ግፊት ሲቀንስና ሙቀት ሲጨምር ይፈላል፤ ቶሎ የሚተነው የመኪና ቤንዚን ደግሞ ይብሳል። በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፓምፑ እንፋሎቱን መግፋት አይችልም፤ ሞተሩም ነዳጅ እያለው በረሃብ ይቆማል።

በቆላ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አውሮፕላን ተነሥቶ በፍጥነት ወደ ደጋ ቢወጣ ሁለቱም መከራ በአንድ ጊዜ ያገኙታል፤ ነዳጁ ገና ትኩስ ነው፤ ግፊቱ ግን ወርዷል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ ሞተር ሳይክለኛም ይህን በመጠኑ ያውቀዋል።

አውሮፕላን ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ውድ አይደለም። የነዳጁን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ያርቁታል ወይም ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ይሸፍኑታል። ፓምፑን ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከታንኩ ሥር ያስቀምጡታል፤ ነዳጅ ሲሳብ ግፊቱ ስለሚወድቅ ቶሎ ይፈላል፤ ሲገፋ ግን እምብዛም አይፈላም። ቱቦው የሾለ እጥፋት እንዳይኖረው፣ ፊልትሮውም እንዳይዘጋ ይጠነቀቃሉ። የእኛ ፓምፕ ቀን ቀን ብቻ የምትቆመው በዚሁ ምክንያት ነበር። ልጣጩ መውጫውን ስላጠበበው ነዳጁ በጭንቅ ይሳብ ነበር፤ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እኛ ግን ጥፋቱ የካንዴላ መስሎን አራት ቀን አባከንን።

አልኮል በቤንዚን ውስጥ

በአገራችን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል መጨመር ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖሉ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ የሚጣራ አልኮል ነው። የውጭ ምንዛሪ ያድናል፤ ለመኪናም ብዙ ጉዳት የለውም። በትንሽ አውሮፕላን ታንክ ውስጥ ግን ሁለት ጠባይ ያሳያል።

የመጀመሪያው ውሃ መውደዱ ነው። ተራ ቤንዚን ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከታች ከፍቶ ማፍሰስ ይቻላል። አልኮል ያለበት ቤንዚን ግን ውሃውን በሆዱ ይደብቀዋል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት አንድ ሊትር ቤንዚን 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ይሸከማል። ከዚያ ካለፈ ወይም ነዳጁ ከቀዘቀዘ ውሃውና አልኮሉ ተያይዘው በአንድ ጊዜ ወደ ታንኩ ወለል ይወርዳሉ። ሞተሩ የሚስበው ከወለሉ ነውና የሚደርሰው ሞተሩን የማያሠራ የውሃና የአልኮል ድብልቅ ነው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ መሬት ላይ ንጹሕ የመሰለ ነዳጅ ከፍ ሲል ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛው ጠባዩ ማሟሟቱ ነው። አሮጌ ጎማ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ የቡሽ ጓርኒሲዮን ይበላሻል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የታወቁት የበርት ሩታን አውሮፕላኖች፣ ቫሪኢዜና ሎንግኢዜ፣ ታንካቸው ከፋይበርግላስና ከሙጫ የተሠራና የክንፉ አካል የሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ታንክ አልኮል ሊያለሰልሰው ይችላል፤ ሁሉም ሙጫ አልኮልን አይችልምና። የብረትና የአሉሚኒየም ታንኮችን ደግሞ ውስጣቸውን በማሸጊያ ፈሳሽ መቀባት የተለመደ ነበር። አሮጌው ማሸጊያ አልኮል ሲነካው ተልጦ መውጫውን ይደፍናል። እኛ በቦርከና ዳር ያገኘነው ልጣጭ የዚህ ወንድም ነው።

የታንኩ ሌሎች በሽታዎች

ታንክ መተንፈስ አለበት። ነዳጅ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ነዳጁ መፍሰሱን ያቆማል። በታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ለዚህ የተሠራች ናት። ጭቃ ቤት የሚሠሩ ተርቦች የአውሮፕላን መተንፈሻ ቀዳዳ ደፍነው ችግር ያመጣሉ። በፓምፓችንም አቧራና ዘይት ይደፍኗታል። ሞተሩ ሊቆም ሲል ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ቢነሣ ምክንያቱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ታንክ ግማሽ ሆኖ ሲያድር በባዶው ክፍል አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ቀዝቅዞ ጤዛ ይሆንና ወደ ነዳጁ ይንጠባጠባል። ውሃው ከተጠራቀመ ብረቱን ያዝገዋል፤ አሉሚኒየሙንም ይበሳዋል። ስለዚህ አውሮፕላን ሠሪዎች በታንኩ ዝቅተኛ ቦታ ማፍሰሻ ያበጃሉ፤ ከመብረራቸውም በፊት ሁልጊዜ ጥቂት በብርጭቆ ቀድተው ያያሉ። ይህን ሳያደርጉ መብረር እንደ ትልቅ ድፍረት ይቆጠራል።

የኢኳዶር ሚስዮናዊ አብራሪ የነበረው ኔት ሴይንት ከዚህ አልፎ ሄዷል። ዋናው የነዳጅ መንገድ ቢዘጋ ነዳጁን በሌላ መንገድ ወደ ሞተሩ የሚያደርስ መጠባበቂያ መስመር በአውሮፕላኑ ላይ አበጅቶ ነበር። ይህ ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በጥር 1956 ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር ስለ ወንጌል ሕይወቱን የሰጠ ነው። ሕይወቱን ለጌታ የሰጠ ሰው በቆሻሻ ነዳጅ ምክንያት በከንቱ ሊያጠፋት አልፈለገም። እምነትና ጥንቃቄ አይጣሉም።

በየፕሮጀክታችን ምን እናድርግ?

ወገኖቼ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የሚከተሉትን ዛሬውኑ ብንጀምር ብዙ እናተርፋለን።

1. አልኮል መኖሩን ፈትኑ። በጠባብ ብርሃን አስተላላፊ ብልቃጥ አንድ እጅ ውሃ ጨምራችሁ መሥመሩን ምልክት አድርጉ፤ ዘጠኝ እጅ ቤንዚን ጨምሩበት፤ በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። የውሃው መሥመር በቦታው ከቆየ አልኮል የለም። ከፍ ካለ አልኮሉ ወደ ውሃው ገብቷል፤ 10 በመቶ ከሆነ ውሃው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

2. ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ መቀላቀሉን እዩ። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ የተቀላቀለበት ግን ቅባት ይተዋል።

3. ከማደያ ግዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። በሃይላንድ የሚሸጠው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእኛ ደረሰ።

4. ብዙ ቤንዚን አታከማቹ። ከወር በላይ የቆየ ቤንዚን እየተበላሸ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ያወጣል። ከመኖሪያ ቤት፣ ከእሳትና ከልጆች አርቁት። በአፋችሁ አትሳቡት።

5. በጀሪካን ስታስቀዱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡ እንጂ በመኪና ወይም በሞተር ሳይክል ላይ እንዳለ አታስሞሉ፤ ከመፋተግ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ያስነሣል።

6. ሁልጊዜ በፊልትሮ አጥልላችሁ ሙሉ። በየሳምንቱ ከታንኩ ሥር ጥቂት አፍስሳችሁ በብርጭቆ እዩ። የጎማውን ቱቦ ጎንበስ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

7. የሚያንጠባጥብ ታንክ በቀለም አታስቀቡ። ለውጡት፤ ወይም ባዶ አድርጋችሁ፣ አጥባችሁና አናፍሳችሁ ለሚያውቅ በያጅ ስጡ። የቤንዚን ሽታ ያለውን ታንክ መበየድ ሰው ይገድላል።

አየር ላይ ስለ መውጣት ግን፣ ለወጣቱ የነገርኩትን ለሁላችሁም እናገራለሁ። ንድፉ በሚያውቅ ሰው ሳይመረመር፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ፣ ሞተሩና ታንኩ መሬት ላይ ለብዙ ሰዓት ሳይፈተኑ ማንም አይነሣ።

ለደጋፊዎቻችን

የእናቶቹ ሽንኩርት በከፊል ጠፋ፤ የተረፈው ግን በጊዜው ደርሶ ተሽጧል። ለፓምፕዋ አዲስ የብረት ታንክ፣ አዲስ ቱቦና ፊልትሮ አደረግንላት፤ ከፀሐይ የምትጠለልበት ትንሽ ዳስም ሠራንላት። ከዚያ ወዲህ በቀትር አልቆመችም። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ፓምፕዋ ከተገዛችበት ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ስለሆነም ለአንድ ፕሮጀክት ሞተር ስትለግሱ ፊልትሮውን፣ መለዋወጫ ቱቦውንና ንጹሕ የነዳጅ መያዣውን አብራችሁ አስቡ፤ የሥራ ባልደረቦችም በበጀት ስታስገቡ እነዚህን አትርሱ። ጌታ ስለ አሥሩ ቆነጃጅት በተናገረው ምሳሌ ሞኞቹ መብራት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ዘይቱ ነበር።

ወጣቱ አሁን የፓምፕዋ ነዳጅ ኃላፊ ነው። ሰኞ ሰኞ ከታንኩ ቀድቶ በብርጭቆ ያያል፤ ያየውንም ይመዘግባል። የአውሮፕላን ደብተሩን አልተወም። ባለፈው ሳምንት ሲያሳየኝ ክንፉን እንደ ቀድሞው ሥሎታል፤ ታንኩን ግን እንደ ገና ሥሎ ከሥሩ ማፍሰሻ ጨምሮበታል። ስለ እርሱም፣ በቦርከና ዳር ስላሉት እናቶችም በጸሎታችሁ አስቡ።